ጎተራ፣ ጀሞ ወይስ አባዶ?

አዲስ አበባን አውቃታለሁ የሚል ሰው ካለ ቤት ሊገዛ ይውጣባት። እኔ ሃያ ዓመት ኖሬባታለሁ። ካለፈው ነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ በነበሩት ቅዳሜዎች ያየኋትን ያህል ግን አይቻት አላውቅም። ሠርግና ለቅሶ ሲጠራን እንሄዳለን እንጂ፣ የሰው ደረጃ የሚቆጥር፣ የሰው ቧንቧ ከፍቶ የሚያይ፣ ከማያውቀው ጥበቃ ጋር ስለ ውኃ ፈረቃ የሚያወጋ ማን አለ? ቤት ገዢ ብቻ ነው።

አራት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባችው ልጃችንና እናቴ። የምንኖረው ሳሪስ፣ በሰው ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። እናቴ አባቴ ካረፈ በኋላ ደብረ ብርሃን ሁለት ዓመት ብቻዋን ቆየች። ጉልበቷ እያስቸገራት ሲሄድ ቤቷን ሸጠችና ብሯን ይዛ እኛ ዘንድ መጣች። ለምንገዛው ቤት ከያዝነው ገንዘብ አንድ ሦስተኛው የእሷ ነው። ቀሪው የስምንት ዓመት ቁጠባችን፣ ሁለት ዕቁብና ከመሥሪያ ቤት የተበደርነው ነው። የእኛ ድርሻ ቢበላሽ ዕድሜ ይስጠን እንጂ እንሠራለን። የእሷ ቢበላሽ ግን ተመልሳ የምትገባበት ቤት የላትም። ይህ ነገር ሦስቱንም ወር ከራሴ አልወጣም ነበር።

ዋጋ አልጽፍም። ጋዜጣው ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ይለወጣል፤ ደላሎቹም አንብበው ይስቁብኛል። ዋናው ነገር በያዝነው ብር ሦስት ቤት መቅረቡ ነው። ጎተራ አንደኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ 38 ካሬ። ጀሞ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ 56 ካሬ። የካ አባዶ ምድር ቤት፣ ባለ ሦስት መኝታ፣ 74 ካሬ። በመካከላቸው ያለው የዋጋ ልዩነት ለቀለምና ለመጋረጃ የምትበቃ ናት። ወደ ከተማው መሀል በቀረባችሁ ቁጥር ቤቱ ይጠብባል፣ በራቃችሁ ቁጥር ይሰፋል። ሦስቱም ኮንዶሚኒየም ናቸው።

ለአያቶች አንድ ነገር ላስረዳ፤ እናቴም ጠይቃኛለችና። መንግሥት እነዚህን ቤቶች መሥራት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው እንደገና ሲከፈት 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉ ስሞች መጡ። የመጀመሪያው ቁጥር ቤት ፈላጊው ራሱ የሚቆጥበው በመቶኛ ሲሆን ሁለተኛው ባንክ የሚያበድረው ነው። ዕጣ የወጣለት ገባ፣ ያልወጣለት እስከ ዛሬ ይጠብቃል። እኛ ከማይወጣላቸው ወገን ነንና ከወጣላቸው ልንገዛ ተነሳን።

ከመውጣታችን በፊት እናቴ ሲባጎ ፈለገች። የኤሌክትሪክ ምጣዷን ከነማስቀመጫው ለካችና በሲባጎው ላይ ቋጠሮ አሰረች። ከዚያ አልጋዋን ለካች፤ ሁለተኛ ቋጠሮ። አልጋው የአባቴ እጅ ሥራ ነው፣ ዝግባ ነው፣ አይፈታም። ሲባጎውን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «እንሂድ» አለች። እኔ ሜትር ይዤ ነበር። ደላሎቹ የፈሩት ግን ሲባጎውን ነው።

መጀመሪያ ያየነው ጎተራን ነው። ስሙን ያወጣለት በአካባቢው የነበረው የእህል ማከማቻ ነው፤ ዛሬ ግን ጎተራ ሲባል ሰው የሚያስበው ማሳለጫውን ነው። ድምፁ አለ። መስኮት ከፍታችሁ ስልክ ማውራት አትችሉም፤ ሲመሽ የከባድ መኪና ጩኸት ግድግዳውን ተደግፎ የሚያድር ይመስላል። በሌላ በኩል ሰፈሩ ቆየት ያለ ስለሆነ ዛፎቹ አድገዋል። በሕንፃዎቹ መካከል ጥላ አለ፣ ጥላው ሥር አግዳሚ አለ፣ አግዳሚው ላይ ሽማግሌዎች አሉ። አዲስ ሰፈር ይህን በገንዘብ አያገኝም።

ወደ ቤቱ የሚያደርሰው ደረጃ 18 ነው። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ አርፋ ወጣችው። ሳሎኑ ከአሁኑ ኪራይ ቤታችን ሳሎን ብዙም አይበልጥም። መኝታ ቤቱ ደህና መስኮት አለው። ወጥ ቤት ስንገባ ሲባጎው ወጣ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘረጋ፤ ቋጠሮው ግድግዳ ላይ ተጣጥፎ ቀረ። ምጣዱ አይገባም።

ደላላው ፈጠን ብሎ፣ «ማዘር፣ ዘንድሮ እኮ እንጀራ ተገዝቶ ነው የሚበላው» አላት።

«አንተ ግዛ ልጄ» አለችው።

አልጋውም አልገባም። ይገባ ነበር፤ በሩ ግን አይዘጋም።

ስንወርድ ከሕንፃው ጀርባ ጭስ አየሁ። ኮሙናል የሚባለው የጋራ ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም ሲታሰብ በጠባብ ወጥ ቤት እንጀራ መጋገር፣ በፎቅ ላይ በግ ማረድ፣ በመታጠቢያ ቤት ብርድ ልብስ ማጠብ እንደማይቻል ታውቆ ለተወሰኑ ሕንፃዎች አንድ እንዲህ ያለ ቤት ይሠራ ነበር። በብዙ ቦታ ዛሬ ለዚህ አይውልም። ካየናቸው በአንዱ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። እዚህ ግን ሦስት ሴቶች ተራ ይዘው ይጋግሩ ነበር። እናቴ ሰላም ልበላቸው ብላ ገባች፤ ባለቤቴና እኔ ውጭ ቆመን ግማሽ ሰዓት ጠበቅናት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጀሞ። ከሜክሲኮ ታክሲ ይዛችሁ በሳር ቤት፣ በመካኒሳ፣ በጀርመን አደባባይ አድርጋችሁ ትሄዳላችሁ። ጀሞ ራሱን የቻለ ከተማ ነው። ባንክ፣ ፋርማሲ፣ ቡና ቤት፣ የልብስ ስፌት፣ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም፤ ለአንዳች ነገር መሀል ከተማ መውጣት አያስፈልግም። ጀሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይጠሩታል። ጠፍታችሁ ብትጠይቁ «የትኛው ጀሞ?» ትባላላችሁ።

ባለቤቴ ቤቱን ገና በሩ ሲከፈት ወደደው። መውደድም ያንሰዋል። እነዚህ ቤቶች ለባለዕድለኛው ሲሰጡ ማጠናቀቂያ ሥራቸው ብዙ የሚቀረው ስለነበር የአንዱ ቤት ከሌላው የሚለየው ባለቤቱ ባወጣው ብርና ባገኘው ባለሙያ ነው። ይኸኛው ባለቤት እጁን አልሰሰተም። ወለሉ ሴራሚክ፣ የወጥ ቤቱ ቁምሳጥን ከጣሪያ ጋር የተገናኘ፣ መታጠቢያ ቤቱ የሆቴል ይመስላል። የጠዋት ፀሐይ በሁለቱም መኝታ ቤቶች ትገባለች። ከበረንዳው ተራራው ይታያል። ልጃችን አንዱን ክፍል የእኔ ነው ብላ በሩን ዘጋች።

እናቴ አልደረሰችም ነበር። ከመሬት እስከዚያ ቤት 54 ደረጃ ነው። በየመታጠፊያው እያረፈች፣ ብረቱን ይዛ፣ ስትደርስ እኛ ቤቱን አይተን ጨርሰናል። ተቀመጠች፤ ውኃ ጠጣች፤ ሲባጎውን አላወጣችም። ዞር ዞር ብላ አየችና «ቤቱ ደስ ይላል» አለች። «እዚህ ከገባሁ ግን ሁለተኛ የምወጣው በሰው ትከሻ ነው።»

ማንም አልመለሰላትም። ስንወርድ ባለቤቴ ደረጃው ሲጠማዘዝ ቆም ብሎ ስፋቱን በዓይኑ ሲለካ አየሁት። ምን እንደሚያስብ ገብቶኛል፤ ይህን የማያስብ ወጣት ገዢ ብዙ ነው። በደረጃው ላይ የታመመ ሰው በቃሬዛ ይወርዳል። ሬሳ ይወርዳል። የዕድር ድንኳን የት ይተከላል? ሠርግ ቢኖር ድስቱ የት ይጣዳል? እነዚህ ጥያቄዎች ስለ ሴራሚክ ከሚነሱት በፊት መነሳት አለባቸው ባይ ነኝ። ምድር ሲደመር አራት የሚባሉት ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም። ከፍ ባሉት የ40/60 ሕንፃዎች ሊፍት አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰንጋ ተራና ክራውን ናቸው፣ ዕጣቸው የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። እነሱን ዋጋ ጠይቀን አመስግነን አለፍን። ሊፍት ያለበት ቤት ለሚያዩ ግን አንድ ምክር፦ ሊፍት አለ ወይ ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ማን ነው፣ ነዳጁንስ ማን ይከፍላል በሉ።

ጀሞ ላይ የተማርኩት ሌላ ነገር ስለ ውኃ ነው። ደላላው «ውኃ ችግር የለም» አለን። ታች ሱቅ የምትሸጠውን ልጅ ለስላሳ ገዝቼ ጠየቅኋት። «ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ከሆናችሁ ችግር የለም» አለችኝ። ውኃው በፈረቃ ሲመጣ ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ሳይደርስ ያልቃል፤ ላይ ያሉት ወይ ፓምፕ ያስገባሉ፣ ወይ በየጀሪካኑ እየከፈሉ ወጣቶች ያሸክማሉ። ሃያ አምስት ሊትር ጀሪካን ሃያ አምስት ኪሎ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሄድንበት የምንጠይቀው ደላላን ሳይሆን ባለ ሱቅን፣ ጥበቃንና ልብስ የምታሰጣ ሴትን ሆነ። ጥያቄውም «ውኃ አለ ወይ?» አይደለም። «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቀን ነው ሌሊት? እስከ ስንተኛው ፎቅ ይደርሳል?» ነው። ልብስ የምታሰጣ ሴት ከሁሉም በላይ ታውቃለች።

ኮዬ ፈጬንም ሄደን አየን፤ በአጭሩ ልለፈው። ሰፊ ነው፣ ነፋሻ ነው፣ መሬቱ ዋልካ ነው። በክረምት የረገጠ ጫማውን እዚያው ትቶ ይመጣል። ቤቱ ዋጋው ከሁሉም ይረክስ ነበር፤ የረከሰበት ምክንያትም ወዲያው ወጣ። ባለዕድለኛው ቤቱን ተረክቦ አምስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ተከልክሏል። «ችግር የለም፣ በውክልና እናደርገዋለን» ተባልን። ሻጩ ውክልናውን ነገ ቢሽርስ? ቢሞትስ? ባለቤቴ ይህን ሲጠይቅ ደላላው «ጋሼ፣ እናንተ ሰው አታምኑም» አለ። እኛ ሰው እናምናለን። የእናቴን ብር ግን በእምነት አንሰጥም።

አባዶን የሄድነው ጳጉሜ ሁለተኛው ቀን ነው። ከመገናኛ ተነስታችሁ፣ ኮተቤን አልፋችሁ፣ በካራ በኩል ወደ ለገጣፎ አቅጣጫ ነው። ካራን ስናልፍ ብርዱ ተቀየረ። እናቴ ከሳሪስ ጀምሮ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ እዚያ ስትደርስ መስኮቱን ከፈተች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት። «ይህ የእኛ አየር ነው» አለች። እውነቷን ነው። ከከተማ በካራና በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ አድርጎ የሚወጣው መንገድ ደብረ ብርሃን የሚወስደው ራሱ ነው። ገና ብዙ ቢቀረውም መንገዱ አንድ ነው። እህቷ እዚያ ናት። የአባቴ መቃብር እዚያ ነው።

የቤቱን ነገር ልንገራችሁ። ምድር ቤት ነው፤ ከግቢው መግቢያ አንዲት እርከን ብቻ አለችው። ሦስት መኝታ ቤት። ወጥ ቤት ገባንና ሲባጎው ተዘረጋ፤ የምጣዱ ቋጠሮ አልፎ ሌላ ክንድ ተረፈ። የአልጋው ቋጠሮም ልክ ገባ፣ በሩም ይዘጋል። እናቴ በሁለተኛው መኝታ ቤት የመስኮት ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ሲባጎውን በእጇ ላይ ትጠቀልል፣ ትፈታ ጀመር። በመስኮቱ ሥር አንዲት ሴትዮ ጎመን ተክላ ነበር። «ከየት ነሽ?» አለቻት። «ከሰንዳፋ።» ከዚያ በኋላ እኛ አልነበርንም፤ ወሬው የሁለቱ ነበር።

በዚያው ፀጥታ እኔ ግድግዳውን አየሁ። ቀለሙ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ነው፤ ከዚያ በላይ አሮጌ። «ልጆች አቆሽሸውት ነው» አለ ደላላው። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ልስኑ እንደ እርጥብ ዱቄት ወረደ። እርጥበት ነው። ስለዚህ ነው ቤት በክረምት ይታያል የምለው። በጥር ብትሄዱ ሁሉም ግድግዳ ደረቅ ነው፣ ሁሉም መንገድ መንገድ ነው። ምድር ቤት ደግሞ ሌላም ነገር አለው፤ የላይኞቹ ፎቆች ፍሳሽ የሚሰበሰብበት ጉድጓድ በየት በኩል እንደሆነ፣ ሞልቶ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ጠየቅን። አንድ ጊዜ ሞልቷል፣ ማኅበሩ አዋጥቶ አስጠርጎታል። ይህ በመጥፎ አልታየኝም። አዋጥቶ የሚያስጠርግ ማኅበር ያለበት ሕንፃ ጉድጓዱ ሞልቶ ከማያውቅ፣ ኮሚቴውም ተሰብስቦ ከማያውቅ ሕንፃ ይሻላል። የጋራ ሕንፃ አዋጅ የሚባለው፣ ቁጥር 370/1995፣ የቤት ባለቤቶች በማኅበር እንዲተዳደሩ ያዛል፤ በወረቀት ሁሉም ሕንፃ ማኅበር አለው። በር ላይ የተለጠፈ የወር መዋጮ ዝርዝር ካያችሁ ግን እውነተኛ ማኅበር አለ ማለት ነው።

ያን ማታ ቤታችን ስንገባ ሦስት ሰው ሦስት ሐሳብ ነበረው። ባለቤቴ በጀሞ ፀሐይ፣ እኔ በጎተራ ቅርበት፣ እናቴ ደግሞ ምንም ሳትል። እሷ ዝም ስትል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስለዚህ በሥራ ቀን ልንሞክረው ተስማማን። ደላላ ቤት የሚያሳየው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ሲል ነው፤ የሚኖርበት ሰው ግን ሰኞ ጠዋትም ይኖርበታል። መስቀል ካለፈና ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ፣ እሑድ ማታ ካራ ካለች አክስቴ ቤት አደርንና ሰኞ ማለዳ አባዶ ወርደን ሰልፍ ያዝን። ከሌሊቱ 12 ሰዓት ከ10 ነበር። የታክሲው ሰልፍ ብቻ 25 ደቂቃ ፈጀ። መገናኛ 1፡20 ደረስን፤ ሌላ ሰልፍ። ሜክሲኮ፣ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ፣ 2፡15። ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። ማታ መመለሻው ከዚያ ቢብስ እንጂ አይሻልም፤ በሳምንት ሃያ ሰዓት መንገድ ላይ ማለት ነው። ልጅቷን ከእንቅልፏ ሳናያት ወጥተን፣ እንቅልፍ ሲይዛት መግባት። በሌላ ሳምንት ጀሞን ሞከርነው፤ 12፡30 ተነስተን 1፡40 ደረስን። ከጎተራ ሜክሲኮ በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ልጃችን የምትማርበት ሳሪስም ያው በደብረ ዘይት መንገድ ወረድ ማለት ነው። ወደ ቃሊቲ የሚወርደው ባቡርም አለ፤ ሰው ካልበዛበት።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ቡና ተፈልቶ ቁርጡን ልንነጋገር ተቀመጥን። ባለቤቴ ጀሞን አላነሳም። የትከሻው ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮት ነው። እንዲያውም «እማማ፣ እርስዎ የሚሉት ይሁን። አባዶ ይመችዎታል፤ እኛ በሰርቪስም በምንም ብለን እንለምደዋለን» አላት።

እኔም ለዚያ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። የልጅቷን ትምህርት ቤት መቀየር፣ ሃያውን ሰዓት መቀበል፣ እርጥበቱን ማሠራት። ብሯ ነው፤ ጉልበቷ ነው፤ አየሯ ነው።

እናቴ ሁለተኛውን ቀዳች። «አባዶን ወድጄዋለሁ» አለች። «እዋሻለሁ እንዴ? ግን እናንተ በሌሊት ወጥታችሁ በሌሊት ልትገቡ ነው። ልጅቷም ትምህርት ቤት ትውላለች። እኔ ሦስት መኝታ ቤት ስጠብቅ ልውል? ብቻዬን መዋሉን ብፈልግ ኖሮ ደብረ ብርሃን እኖር አልነበር? እዚያስ ቤቴ ነበረኝ።» ሲኒውን ለባለቤቴ አቀበለችው። «ጠባቡ ይሁን። ግን መኝታ ቤቱ የእኔና የልጅቷ ነው። መስኮት እፈልጋለሁ።»

ደስ አለኝ ብል ሙሉ እውነት አይሆንም። እኔና ባለቤቴ ሳሎን፣ የሚዘረጋ ሶፋ ላይ ነው የምናድረው። እንግዳ ሲያመሽ ዓይናችን እየተጨፈነ እናጫውታለን። ጠዋት ከማንም በፊት ተነስቶ አልጋውን ሶፋ ማድረግ የእኔ ሥራ ነው። በአርባ ዓመቴ ይህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ቢሆንም ልጄን ከትምህርት ቤት ማን ይቀበላታል የሚለው ጥያቄ በዚያ ደቂቃ ከቤታችን ወጣ፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ አራታችንም ገበታ ላይ ነን።

የቀረው ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ለወላጆች ልጻፍ። ካርታውን በኮፒ አትመኑ፤ ዋናውን እዩ። ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ቤቱ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ፤ የባንክ ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ ማስረጃው ይኖራል። የእኛ ሻጭ መጀመሪያ ብቻውን መጣና «ባለቤቴ ተስማምታለች» አለን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና ሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ሚስትየው ሐዋሳ ስለነበረች ሁለት ሳምንት ጠበቅናት። ደላላው ተናደደ፣ እኛ ግን ጠበቅን። መጣች፣ ፈረመች፣ ቤቱን ስታስረክብ ትንሽ አለቀሰች፤ ልጆቿን እዚያ ነው ያሳደገቻቸው። ውሉም ቤት ውስጥ በምስክር ፊት የሚፈረም አይደለም፤ ፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ለስም ማዛወሪያው 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፤ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። ብዙ ሰው ብሩን ሁሉ ለሻጭ ከከፈለ በኋላ ነው ትዝ የሚለው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከእናቴ ጋር ተከራከርን። ስሟ ውሉ ላይ ይግባ አልን። «የእናንተ ቤት ነው፣ የእኔ ስም ምን ያደርጋል? ነገ ለመሞት» አለች። ወላጅ እንዲህ ይላል፤ ልጅም እሺ ብሎ ያልፋል። ደሴ ያለው ወንድሜ ጋ ስልክ ደወልኩና ነገሩን ነገርኩት፦ የእናታችን ገንዘብ ይህን ያህል ነው፣ የገባው እዚህ ቤት ነው። «አውቃለሁ፣ ምን አስጨነቀሽ?» አለኝ። የሚያስጨንቀኝ ዛሬ አይደለም። በለቅሶ ማግስት ወንድምና እህት ፍርድ ቤት ሲቆሙ አይቻለሁ፤ መነሻው ሁልጊዜ እንደዚህ በፍቅር የተሰጠና ያልተጻፈ ብር ነው። በመጨረሻ ባለቤቴ «እማማ፣ ስምዎ ካልገባ እኔም አልፈርም» ሲላት ሳቀችና እሺ አለች። ውልና ማስረጃ ስንሄድ የሦስታችንም ስም ከነድርሻችን ተጻፈ። የአውራ ጣት አሻራ ነው ብላ ጠብቃ ነበር፤ እስክሪብቶ ሲሰጧት በሠረተ ትምህርት የተማረችውን ፊደል አንድ በአንድ እየሣለች ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ታገሣት።

ኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ ገባን። ጀሞ ያየነው ቁምሳጥን የለም፣ የአባዶ አየር የለም። የማሳለጫው ድምፅ የመጀመሪያውን ሳምንት አላስተኛንም፤ አሁን ልጅቷ አትሰማውም፣ እኔ እሰማዋለሁ። አግዳሚው ላይ ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ የዕድሩ ጸሐፊ ሆነው ተገኙና መመዝገቢያውንና የወሩን መዋጮ ነገሩን። ደብረ ብርሃን ለመሄድ ሲያስፈልግ ላምበረት መናኸሪያ መድረስ አለብን፤ እናቴ ለገና ልትሄድ አስባለች።

አልጋው ነው የቀረው። አናጢ መጥቶ አየው። ዝግባውን ሲያንኳኳ «ይህን የሠራው ሰው እንዲፈታ አልፈለገም» አለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከእግሩ በኩል አንድ ክንድ እንዲያጥር ተስማሙ፤ የተቆረጠው እንጨት እንዳይጣልና የምጣድ ማስቀመጫ እንዲሆን አዘዘችው። ምጣዱ አሁን ኮሙናል ነው። ተራዋ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከእሷ በፊት የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ፣ ከእሷ በኋላ ደግሞ ከጎን ሕንፃ የምትመጣ አራስ አለች፤ የእሷን እናቴ ትጋግርላታለች።